ታኮ

በባልፓራይሶ፣ ማሪፖሳስ በሚሉት ጉብታ፣
መንገድ አይባልም፤ መሰላል ነው፣ ያለ እጀታ።
ከታች ወደቡ አለ፤ ከላይ የእኛ ደጃፍ፤
መሐሉ ቁልቁለት፣ እንደ ጣሪያ አፋፍ።

አባቴ ኔሜሲዮ ዓሣ ሻጭ ነበረ፤
ሬኖ ነበረችው፣ ወለሏ የዛገ፣ በሯ የተሰበረ።
የእጅ ፍሬኗማ ስሙ ብቻ ቀርቶ፣
ሲስቡት ይመጣል፣ እንደ ወተት ጥርስ ከሥሩ ላልቶ።

ስለዚህ በሰባት ዓመቴ ሥራ አለኝ፣ ማዕረግ አለኝ፦
አባቴ «ታኮ!» ሲል፣ በሩን በርግጄ፣ ጎማው ሥር ስገኝ።
ታኮዬ ከጀልባ ስብራት የተቆረጠ፣ ጥግ ጥጉን አለት የነከሰው፣
ሰማያዊ ቀለም የቀረው፣ ጨው የላሰው።
በሁለት እጄ ስወትፍ ያንን ግንድ፣
ሬኖ አንዴ አቃስታ ትተኛለች፣ እንደ ጠገበ ወንድ።
«የኔሜሲዮ ፍሬን መጣች!» ይለኛል ዳቦ ሻጩ ኦቪዲዮ፤
ስሙ ደስ ይለኛል፤ አይበልጥብኝም ከረሜላ፣ አይበልጥብኝም ሬዲዮ።

አንድ የሐምሌ ጠዋት፣ በዝናብ፣
እግሬ አዳለጠኝ፤ ታኮው ካንድ ጎን፣ እኔ ካንድ ጎን።
ሬኖ ወደ ኋላ፣ አንድ ክንድ፣ ሁለት፣ አምስት... የመብራት ምሰሶ ያዘልን።
ዓሣው ተዘረገፈ፤ አባቴ አንድም አላነሣ፤
የእኔን ጣቶች ቆጠረ፣ አሥር እስኪሞሉ፣ ደግሞ እንደገና፣
ፊቱ ነጥቶ፣ ሆዱን እንዳዞረ ዓሣ።

በዚያው ዕለት ዙኒልዳ ጋራዥ ወረድን።
ዙኒልዳ መኪናው ሥር ናት፤ ጫማዋ ብቻ ይናገራል፦
«ኔሜሲዮ፣ ይሄ ገመድ ታሟል አይባልም፤ ሞቷል፣ ተቀብሯል።
የባሕሩ ጨው ነው ትለኛለህ፤ ጨዉ ምስክር ነው፣ ገዳይ አይደለም፤
‹ልጅ አለችኝ፣ ታኮ አለኝ› ብለህ ስትተወው ነው፤ ያልሠራ ጅማት አይኖርም።
ጠዋት ሳበው፣ ማታ ሳበው፣ ሜዳ ላይ ብትሆንም ሳበው፤
ብረት ሥራ ሲፈታ ነው ዝገት የሚወርሰው።
መጀመሪያ በእግርህ ያዝ፤ ከዚያ ይኼን፤ ጆሮህን ስጠው፤
ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። አምስት ላይ ከያዘ ደህና ነው።
አሥር ከሄደ ላልቷል፤ ና፣ ላጥብቀው።
ሁለት ላይ ከቆመ ደግሞ ከሯል፤ ጎማው ይግላል፣ ሸራው ይበላል።
ስትነሣም አውርደው! ሳያወርዱ የሚነዱ አሉ፤
ከተማው በአፍንጫው ያውቃቸዋል።»

አዲስ ገመድ አለበሰችው፣ ሸራውን ለወጠች፣ ግራሶ ቀባች፤
ሒሳቧን በዓሣ ተቀብላ ሦስት ሳምንት በላች።

ደጃችን ደረስን። አባቴ ሳበ። አምስት ጊዜ ቀጭ አለ።
ሬኖ ንቅንቅ አላለችም። ሰፈሩ ሁሉ ዝም አለ።
እኔ ታኮዬን ታቅፌ፣ በሩን ሳልከፍት፣
ተባረርኩ ብዬ አሰብኩ፤
ያለ ደብዳቤ፣ ያለ ማስጠንቀቂያ፣ በሰባት ዓመት።

አባቴ አየኝ። መሪውን አየ። ጉሮሮውን ጠረገ።
«አዲስ ብረት ነው» አለ፤ «ጠባዩን ሳያይ ማን እምነት አደረገ?
ውረጂ። ታኮ!»

ወረድኩ።

ጠባዩ ሳይታወቅ አሥራ አንድ ዓመት ሆነው።
ዙኒልዳ በየዓመቱ አይታ፣ አጥብቃ፣ «ይሄ በሬ ነው» ስትለው፣
አባቴ ራሱን ይነቀንቃል፦ «እስቲ ይቺን ክረምት እንየው።»

መንጃ ፈቃድ ያወጣሁ ዕለት እኔ ነዳሁ፣ እሱ ጎኔ፤
ደጃፍ ላይ በእግሬ ያዝኩ፣ በእጄ ሳብኩ፣ ቆጠርኩ በሆዴ፣ ለራሴ፣ ለእኔ፤
አምስት። ቀጥ።
ላሳየው ዞር ስል በሩ ተከፍቷል፤ ወንበሩ ባዶ ነው።
ከኋላ፣ በመስታወቱ፣
ሽበት ጎንበስ ሲል አየሁ፣
ሰማያዊውን እንጨት ይዞ፣ በዝናብ፣ ተንበርክኮ በጉልበቱ።